ሳይበጠስ የተላጠው ብርቱካን

በአንድ ወቅት፣ አንድ ከተማ ሙሉ እሑድ ከሰዓት ሥራውን ፈትቶ ሬዲዮ ላይ ይጣድ ነበር። የሚያዳምጠው የጠፈር ድራማ ነው። አብራሪዋ ጌላናና መካኒኩ ናኦድ፣ ወደ ምድር መመለሻው በጠፋበት መንኮራኩር ውስጥ እንደ እህትና ወንድም ተደጋግፈው ይኖራሉ።

ደራሲው አስናቀ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው። ጌላናን የቀዳት ከልጅነት ጓደኛው ከባንቺአየሁ ነበር። ባንቺአየሁ ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩ አይበጠስም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ይወርዳል። ጌላናም መንኮራኩሯ ውስጥ ካበቀለችው ዛፍ ቀጥፋ እንዲሁ ትልጥና ናኦድን ታጎርሰዋለች። ባንቺአየሁ ይህን የሰማች ቀን ከልቧ ስቃለች።

አድማጩ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባ። ጓደኛ ብቻ ከሆነች ለምን ታጎርሰዋለች? የናኦድ ድምፅስ ለምን ይርበተበታል? ሰናይት የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሦስት መቶ ሰው ፊርማ አሰባስባ «ይፋቀራሉ፤ ደራሲው ራሱ አላወቀም እንጂ» ስትል ለጣቢያው ጻፈች። ደብዳቤው በአየር ላይ ተነበበ።

የባንቺአየሁ ባል ጋሻው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ድራማው መንገድ ላይም አያመልጠውም። በዚያው ሳምንት ምሳ በልተው ብርቱካን ስትልጥ፣ እጇን ትክ ብሎ ሲያይ አገኘችው። ጣቷ ቆመ።

«ምነው አቆምሽ?»

«እንዲያው ነው።»

«ልጪው እንጂ፤ እንደ ልማድሽ።»

ላጠችው። ልጣጩ ተበጠሰ። ምንም አላጠፋችም፤ ግን የተበጠሰውን ልጣጭ ሰብስባ ከሰሃኑ ሥር ደበቀችው። ከዚያ ወዲያ የመኪናውን ክላክስ በሰማች ቁጥር ብርቱካኑን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ትደብቅ ጀመር። ጭንቋን ለአስናቀ ነገረችው።

«አትፍሪ፤ ወሬውን እኔ አጠፋዋለሁ» አላት። በቀጣዩ እሑድ ጌላና መንኮራኩሩን ልትጠግን ወጣች፤ ገመዷ ተበጠሰና ጨለማው ዋጣት። አስናቀ ሁለት ዓመት የለፋበትን ድራማ በገዛ እጁ ቀብሮ ብዕሩን አስቀመጠ። ወሬው ግን ባሰበት። «ደራሲው ራሱ ባይወዳት አይገድላትም ነበር» ተባለ፤ ብርቱካን አላላጧን የሚያውቁ ጎረቤቶችም የባንቺአየሁን ስም አነሱ።

ሰናይት ከድራማው ጀርባ ባለትዳር ሴት እንዳለች ስትሰማ ክው አለች። ጣቢያው ድረስ ሄዳ «ፍቅሩ የኔ ምኞት ነው እንጂ እነሱ ዘንድ አልነበረም» ብላ ለከተማው ሁሉ ተናገረች። አምናበት ይሁን አይሁን እሷ ታውቃለች። የፈረሙላት ሰዎች ከሃዲ ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

ጋሻውም ሾፌሮች ሲሳለቁበት መሀላቸው ቆመ። «የሚስቴን እጅ እኔ አውቀዋለሁ። ሌላ የሚል ካለ ይምጣ!» ማንም አልመጣም። ቤት ሲገባ ግን እጇን ትክ ብሎ ያያል፤ ባንቺአየሁን ከወሬው ይልቅ የሚያስፈራት ይኸው አስተያየቱ ነው።

በትንሣኤ ሰሞን ጋሻው አስናቀንና ሰናይትን ምሳ ጠራ። ከተበላ በኋላ አንድ ብርቱካንና ቢላ ሚስቱ ፊት አኖረ።

«ልጪና ለሚገባው ስጪ። አንድ ነው፤ አይከፈልም።»

ላጠችው። ልጣጩ አልተበጠሰም። ጋሻው እጇን ያያል፣ አስናቀ መሬቱን፣ ሰናይት ደግሞ፣ አመል አይለቅምና፣ አስናቀን። ባንቺአየሁ የፈራችው ባሏን ብቻ አልነበረም። አስናቀን «ወደኸኝ ነበር ወይ?» ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ መልሱን ትፈራለች፤ ከሱ መልስ ይልቅ ደግሞ የራሷን።

ብርቱካኑ እስካሁን እጇ ላይ ነው። ሦስቱም አስፈርተዋታል፣ ሦስቱም ከፍለውላታል። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ድራማውን ለቀበረላት፣ ቃሏን ላጠፈችላት፣ ወይስ በሰው ፊት ለቆመላት? ብርቱካኑ የሚገባው ለማን ነው?