የተረፈው ጠጠር

ተረት አውራልን አላችሁ፤ እሺ፣ አወራለሁ። ግን ደክሞኛል፣ ነገሬን አታቋርጡብኝ።

ድሮ ነው። ማሰሮ በሚናገርበት፣ ጠጠር በሚመልስበት ዘመን አንዲት ዶሮ ነበረች። እመት ዶሮ ይሏታል። ባሏን ለዓመት በዓል አርደውባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ጠዋት ትጭራለች፣ ቀን ትጭራለች፣ ማታ ትጭራለች። ጥፍሯ አልቆ ነበር። ብቻውን ልጅ ያሳደገ ይህን ያውቃል፤ ያላሳደገ ደግሞ ቢነግሩትም አይገባው።

ጎረቤቷ ሸለምጥማጥ ነበረ። ምን ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቆዩኝ።

አንድ ቀን መጣና «እመት ዶሮ፣ ደክሞሻል» አላት።

«ደክሞኛል» አለችው።

«ልጆችሽን እኔ ልያዝልሽ። አንቺ አውድማው ላይ ጭረሽ፣ እህል ቀምሰሽ ነይ።»

ጅል ሆና አይደለም፤ ደክሟት ነው። ልጆቿን ትታለት ሄደች።

ማታ ስትመለስ ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ክንፏ ሥር ገቡ። በግራ በኩል በረዳት። አንድ ቦታ ባዶ የሆነ መሰላት።

«አያ ሸለምጥማጥ፣ ልጆቼ የጎደሉ መሰለኝ» አለች።

«ቁጠሪያቸዋ» አላት ጢሙን እየላሰ።

እመት ዶሮ ክው አለች። በእነሱ ሰፈር ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይቀሠፋል ይባላል። እናቷ አልቆጠረችም፣ አያቷም አልቆጠረችም። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት መልሷ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ነው።

«ልጅ ይቆጠራል እንዴ?» አለችው።

«ታዲያ ካልቆጠርሽ መጉደላቸውን በምን አወቅሽ? ድካም ነው እንዲህ የሚያሰኝሽ። ሂጂ ተኚ።»

ሄዳ ተኛች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ማታ ግራ ክንፏም ቀኝ ክንፏም ሥር በረዳት። ጫጩቶቹን ብትጠይቅ «ቀን ቀን ያስተኛናል፤ ስንነሳ አንዱ ወደ እማዬ ሄደ ይለናል» አሏት።

ደጃፍ ወደሚተኛው ሽማግሌ ውሻ፣ ወደ ጋሼ መቻል ሄደች።

«ጋሼ መቻል፣ ሸለምጥማጥ ልጆቼን የሚበላብኝ መሰለኝ። ይነሱልኝ።»

«ስንት ነበሩ?»

«እኔ እንጃ።»

«ስንት ቀሩ?»

«እኔ እንጃ።»

«አይ እመት ዶሮ። እሱ እኮ ጎረቤት ነው። መሰለኝ ተብሎ ጎረቤት አይነከስም» አለና አገጩን መልሶ መሬት ላይ ጣለ።

እመት ዶሮ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እዚያ አንዲት አፏ የተሸረፈ አሮጌ ማሰሮ ተጥላ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት ማሰሮ። እመት ዶሮም ሁሉንም ነገረቻት።

«ቁጠሪ አልልሽም» አለች ማሰሮ፣ «እኔም ቁጥር አላውቅ። ቤት ውስጥ ሳለሁ ግን የቤቱ ልጆች ጠጠር ሲጫወቱ አይ ነበር። አንድ ላንቺ፣ አንድ ለኔ እያሉ ይታደላሉ። ጠጠር ከተረፈ የሄደ ልጅ አለ፤ ጠጠር ካነሰ የመጣ ልጅ አለ። አንቺም ልጆችሽ ጠዋት ሲወጡ እያንዳንዳቸው አንድ ጠጠር እኔ ውስጥ ይጣሉ። ማታ ሲገቡ አንድ አንድ ያውጡ። ማንም ቁጥር አይጠራም። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነስ ግድ የለም» አለች እመት ዶሮ።

ጠዋት ጫጩቶቹ ተሰለፉ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያሉ ጠጠር ጣሉና ሸለምጥማጥ ዘንድ ዋሉ። ማታ መጥተው አንድ አንድ አወጡ። ሁሉም ካወጡ በኋላ ማሰሮዋ ውስጥ አንድ ጠጠር ቀረ።

«የኔስ?» አለ ጠጠሩ።

እመት ዶሮ ጠጠሩን አውጥታ አስቀመጠችና ሸለምጥማጥን ጠራችው።

«አንዱ ሁለት ጥሎ ይሆናላ» አላት። «ልጆች አይደሉ?»

ጋሼ መቻልም ይህን ሰምቶ «እሱስ ልጅ ሁለት ይጥላል» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው ሁለት እንዳይጥሉ እያንዳንዱ የራሱ ጠጠር ይኑረው» አለች ማሰሮ። «እስኪለምዱት ይጫወቱበት።»

ጫጩቶቹ ጨርሶ ሳይጨልም ወንዝ ዳር ወርደው መረጡ። መላጣ አንገቷ ጫጩት ቀዩን ያዘች፣ ገብስማው ጠርዙ የተቆረሰውን ያዘ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። አንከባለሏቸው። ሁለት ሁለት አድርገው አሰለፏቸው፤ አንዱ ጓደኛ አጥቶ ብቻውን ሲቀር ሳቁበት። ሲተኙም አቅፈዋቸው ተኙ። እመት ዶሮ እያየች «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» አለች በሆዷ።

ጠዋት የየራሳቸውን ጠጠር ማሰሮዋ ውስጥ ከጣሉ በኋላ ልጆቿን ለሸለምጥማጥ ትታ ወጣች። አዎ፣ ትታለት ወጣች። ሆዷ ነግሯት ነበር፣ እኔ አልዋሻችሁም። አንድ ቀን ጨምሬ እርግጡን ልወቅ አለች፤ ደግሞም ካልጫረች የሚበላ የለም። ያቺን ጠዋት እስክትሞት አልረሳቻትም።

ሸለምጥማጥም ሞኝ አይደለም። የተረፈው ጠጠር ትናንት ምን ጣጣ እንዳመጣበት አይቷል። ስለዚህ ቀን የበላውን በላና፣ ወደ ማሰሮዋ እጁን ሰዶ ያገኘውን አንድ ጠጠር አውጥቶ ወሰደ። ለእሱ ጠጠር ሁሉ አንድ ነው።

ማታ ጫጩቶቹ እየመጡ የየራሳቸውን አወጡ። በመጨረሻ መላጣ አንገቷ ጫጩት ራሷን ማሰሮዋ ውስጥ አስገብታ ፈለገች፣ ፈለገች።

«እማዬ፣ ቀዩ ጠጠሬ የለም።»

«ያንን የቀረውን ውሰጂ» አለ ሸለምጥማጥ ፈጠን ብሎ። «አንድ ጫጩት ቀረ፣ አንድ ጠጠር ቀረ። ልክ ነው፤ ምን ጎደለ?»

«የኔ አይደለም» አለች ጫጩቷ።

«እኔም የሷ አይደለሁም» አለ ጠርዙ የተቆረሰው ጠጠር። «የገብስማው ነኝ። ገብስማው የት አለ?»

እመት ዶሮ ዞራ አየች። ገብስማው የለም። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሸለምጥማጥ ዞረች።

«ልክ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለችው። «እኔ እናታቸው ቁጥራቸውን አላውቅም። ለካ አንተ ስትቆጥር ነው የከረምከው።»

ሸለምጥማጥ ወደ አጥሩ አፈገፈገ። ጋሼ መቻል ከደጃፍ ተነሳ። «አሁን መሰለኝ አይደለም» አለ። «ገብስማው ነበረ፣ ገብስማው የለም።» እስከ ጉድጓዱ አፍ አሳደደው፤ የኋላ እግሩን ዘነጠለው፤ ከዚያ ወዲያ ሸለምጥማጥ በዚያ ሰፈር አልታየም። በጉድጓዱ አፍ ቀዩ ጠጠር ከገብስማ ላባ ጋር ወድቆ ተገኘ።

ጋሼ መቻል እያለከለከ ተመለሰና «ስንት በላብሽ?» አላት።

እመት ዶሮ ሁለቱን ባለቤት አልባ ጠጠሮች፣ የትናንቱንና የገብስማውን፣ አየች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ጠራች።

«ጠጠር መጣል ከጀመርን ወዲህ፣ ሁለት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ወደ ማሰሮ አየች። ማሰሮም የምታውቀው የለም።

የዚያን ዕለት እመት ዶሮ የቀሩትን ልጆቿን በቀኝ፣ ሁለቱን ጠጠሮች በግራ ክንፏ ታቅፋ ተኛች። ከዚያ በፊት ላለቁት ግን የምታቅፈው ጠጠር እንኳ አልነበራትም።

ተረቴ ይኸው ነው። እኔ ልረፍበት፣ እናንተ ያዙት፦ እናት ያልቆጠረችውን ሌባ ይቆጥረዋል።