ምስጥ የበላት አክስት

ግድግዳ ማለት ቤትን ከነፋስ፣ ቤተሰብን ከጎረቤት ለመለየት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ነው። ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ፊት በኩል ያለው ሰው በሌላው በኩል ያለውን አያይም፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ሚስማር ይቀበላል፤ ምክር አይቀበልም።

ይህን ትርጓሜ የሰጡት ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ የሰጡትም ሶስና ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ሶስና የሥነ ዜጋ አስተማሪ ናት። እሳቸው በዚያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ‹አረጋውያንን ማክበር› ብለው ጽፈው አሥር ካሥር ያገኛሉ» ነበር ያለቻቸው። «ከበር እንደወጡ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሽማግሌ ገፍተው ይገባሉ። ትናንት የገፉት እርስዎን ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ትምህርቱ የት ነው የሚቀረው?»

«ግድግዳ ላይ» አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ ክርናቸውን እያሻሹ። ከዚያ ትርጓሜውን ሰጡ፤ ሶስና እንዳልገባት ባዩ ጊዜም ተመቻችተው ተቀመጡና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ብዙ ግድግዳ ነበረው። ግድግዳዎቹን ሁሉ በሥዕል ሸፍኗቸው ነበር። ሥዕሎቹ በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ውስጥ ቀለም እየተገፋ ወረቀት ላይ የሚታተሙ ናቸው። ሠዓሊዎቹ አንዱን ሥዕል መቶ ጊዜ የሚያትሙት በየአጥሩና በየአውቶቡስ ፌርማታው ተለጥፎ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ድሃው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ ተገፋው ነው። ሰውዬው ፌርማታው ሳይደርስባቸው እየቀደመ ይወስዳቸዋል።

አሥራ ዘጠኝ ሥዕል ነበረው። በአንዱ ላይ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ከሥሩ ‹ውሃ የሁሉ ነው› ይላል። በአንዱ ላይ አንድ ትሪ፣ በትሪው ላይ አንድ እጅ ብቻ አለ፤ ከሥሩ ‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል› ይላል። በሌላው ላይ የብረት በር የሚያንኳኳ ቡጢ አለ፤ ‹ያንኳኳውን ስማ› ይላል። ቤተሰቡ ሥራውን ተከፋፍሎታል። ሚስትየዋ መስታወቱን ትወለውላለች። ልጃቸው በየሥዕሉ አጠገብ የምትለጥፈውን ማብራሪያ ትጽፋለች፤ ‹ግድግዳውን አትደገፉ› የሚለውንም የጻፈችው እሷ ናት። እሱ እንግዳ ሲመጣ እያዞረ ያስረዳል። አስረድቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እንግዳውም ምን ያለ ሩኅሩኅ ቤተሰብ ነው ብሎ ይወጣል።

አንድ ጊዜ የሰፈሩ ውሃ ሁለት ሳምንት ጠፋ። የሰውዬው ግቢ ሁለት ትልልቅ የውሃ ታንከር ነበረው። በአጥር የሚዋሰኑት እማማ ደብሪቱ ጀሪካን ይዘው አንኳኩ። ሰውዬው በደስታ ተቀበላቸው፤ እጃቸውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ወሰዳቸውና ሰማያዊው ቀለም እንዴት በሦስት ዙር እንደተደራረበ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው።

«አያምርም እማማ?»

«ያምራል ልጄ። ውሃውስ?»

«እሱ እኮ ነው በሦስት ዙር የታተመው!»

እማማ ደብሪቱ አመስግነው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። ሰውዬው ለሚስቱ «ለሥዕል የሚገርም ዓይን አላቸው» አላት።

ከሰፈሩ ጋር የነበረው ዝምድና ይኸው ነበር። የእድር አባል ነው፤ መዋጮውን በዘበኛው እጅ ይልካል፤ ለቅሶ ግን ደርሶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጧት ከሥዕሎቹ አንዷን ሊያጸዳ አወረዳት። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ናት፤ ነጠላ የተከናነበች አሮጊት ከዘራ ተደግፋ ቆማለች፤ ከሥሯ ‹ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይቀመጥ› ይላል። ገልበጥ ሲያደርጋት ምስጥ ከኋላ ገብቶ ግማሽ ፊቷን ዱቄት አድርጎታል።

«ወይኔ! ወይኔ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ መጥታ አየችና እሪታዋን አቀለጠችው። ልጃቸው ለዚያች ሥዕል ማብራሪያ ሦስት ጊዜ የጻፈች ናትና ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ተቀመጠች።

እዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ድምፅ ከአጥር ወዲያ ሲሰማ ‹ማን ሞተ?› ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ነጠላን ዘቅዝቆ መሮጥ ነው፤ የሟቹ ማንነት እየዋለ ሲያድር ይታወቃል። እማማ ደብሪቱ ቀድመው ደረሱ። ጥሩምባ ነፊው ነፋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሰው ሳሎኑ ውስጥ እያለቀሰ ነበር።

ለቅሶ ቤት ባዶ ይደረጋል፤ እቃውን ጎረቤት በአደራ ይይዛል። እድሩ በዚህ ሥራ ዓመታት ያስቆጠረ ስለሆነ አፍታ አልፈጀበትም። ሶፋው ወጣ፤ ምንጣፉ ወጣ፤ ቡፌው ወጣ። ለቀስተኛ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣልና ሥዕሎቹም ወረዱ፤ አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ብብቱ ሥር እያደረገ በየቤቱ ይዞ ሄደ።

«ሥዕሎቼ! ኧረ ሥዕሎቼን!» ሲል ሁለት ጎበዞች ግራና ቀኝ ያዙት።

«አይዞህ ወንድሜ፤ እቃ ምን ያደርጋል፤ ሰው ነው እንጂ!»

ያልወሰዱበት በደረቱ አቅፏት የነበረችውን አሮጊት ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ ጠጋ ብለው ሥዕሏን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለ። ይህ ውሸት አልነበረም።

«ምንህ ናት ልጄ?»

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ አየ። የማያውቃቸው አርባ ሰዎች ለእሱ ብለው ዓይናቸው ቀልቷል። ወረቀት ናት ማለት አቃተው።

«አክስቴ» አለ።

ድንኳን ተጣለ። አክስትየዋ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ግማሽ መሆኑን ያዩ ሁሉ ምን ያህል ብታረጅ ነው እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። አግዳሚው ላይ የተደረደሩ ጎረምሶች ነበሩ። ጥሩምባ ነፊው ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበና «ኑዛዜዋ ነው!» አለ። ጎረምሶቹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሦስቱ ቀን አንድም ሽማግሌ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ አልታየም። ሰውዬው ይህን ከዳር ሆኖ አየ። ሥዕሏ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተሰቅላለች፤ ለእሷ ብሎ ከወንበሩ የተነሣ ሰው አንድም አያስታውስም፤ ራሱን ጨምሮ።

ለቅሶ ቤት ውሃ ይበላል። ሴቶቹ ንፍሮ ሊቀቅሉ ነው፤ የሰፈሩ ቧንቧ እንደ ልማዱ ደርቋል። እማማ ደብሪቱ ታንከሮቹን አገኟቸው። ሰውዬው በመስኮት ሲመለከት ከበሩ እስከ ታንከሩ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ትንሽ ወደ ግራ ብትቆም ልክ ሥዕሉን ነው ብሎ አሰበ። ሊነግራት ብሎ ወጣ። አጠገቧ ሲደርስ ሁለት ጀሪካን አሸከመችው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት አልቃሽ መጣች። ስለ ሟቿ የምታውቀው ያው ከሥዕሏ ሥር ያለው ጽሑፍ ብቻ ቢሆንም በቃት።

«ሰው ሲቆም አይታ መቀመጥ የማታውቅ፣
ምነው ዛሬ ወንበር ለቃልን ሄደች ሩቅ።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ሰውዬው ከሁሉ ብሶ ተንሰቀሰቀ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?» አለችው በሹክሹክታ።

«ደግ ሴት ነበረች» አላት።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አስከሬን ስላልታየ ሟቿ አገር ቤት ተቀብራ መሆን አለበት፤ እድሩ ልጆቿን ሳያጽናና ቢቀር ነውር ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ አምሳ ሰው በአውቶቡስ ይሄዳል አሉ። «መንገዱን አንተ ትመራናለህ» አሉት ወደ ሰውዬው ዞረው።

ሰውዬው ተነሣ። ካልተናገረ አምሳ ሰው ወደሌለ ለቅሶ ሊወስድ ነው፤ ከተናገረ በዚያ ሰፈር ስሙ አለቀለት፤ ሥዕሎቹንም የሚመልስለት አይኖርም።

«የሞተ ሰው የለም» አለ። «አክስት የለችኝም። ይቺ ሥዕል ናት። ምስጥ በላብኝና ጮህኩ፤ እናንተ መጣችሁ፤ አፈርኩ።»

መጀመሪያ እማማ ደብሪቱ ተናገሩ።

«እና እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀስኩት ለምስጥ ነው?»

«ለወረቀቷ ነው እማማ» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ምስጡማ በልቶ ደህና ነው።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ፤ አልቃሿ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ዳኛው ግን አልሳቁም። መተዳደሪያ ደንቡን አስመጡና መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«ደንባችን ሰው ሲሞት ይለቀሳል ይላል» አሉ። «ሰው ካልሞተ አይለቀስም ግን አይልም። ስለዚህ ለቅሶው በደንቡ መሠረት የተለቀሰ ነው፤ አይፈርስም። ሶፋና ቡፌው ዛሬውኑ ይመለስ። ሥዕሎቹን ግን የሚያመጣለት የለም። ሐዘንተኛ ያስተዛዘኑትን በየቤታቸው ሄዶ ያመሰግናል። ይሂድ፤ ያመስግን፤ ሲመለስ የራሱን እቃ ይዞ ይመለስ።»

ሰውዬው ፍርዱ ቀላል መሰለው። አሥራ ስምንት ቤት ነው፤ በሁለት ቀን ይጠናቀቃል አለ።

መጀመሪያ ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄደ። ባለ ጀሪካኑ ሥዕል መስታወቱ የረገፈ መስኮት ላይ ተወትፏል። ሊያነሣው ሲል ብርዱ ገባና ከሥሩ የተኛች ሕፃን አስነጠሰች። መልሶ ወተፈው። ጥሩምባ ነፊው ሚስማር እስኪያመጣ ድረስም በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ሁለተኛው ቤት አምስት ተከራዮች በአንድ ትሪ የሚበሉበት ነው፤ ባለ ትሪውን ሥዕል ልክ ከትሪው በላይ ሰቅለውታል። ቁጭ አስደረጉት። ‹በቃኝ› ባለ ቁጥር ወደ ጽሑፉ እያመለከቱ ያጎርሱታል። እንዲያ ከጎረሱ በኋላ ካጎራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕል መንቀል አይቻልም። ሦስተኛው ቤትም፣ አራተኛው ቤትም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱ ቀን ሁለት ወር ሆነ።

በመጨረሻ እማማ ደብሪቱ ቤት ደረሰ። እሳቸው ዘንድ ያለው ባለ ቡጢው ነው። የትም አልሰቀሉትም። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውታል።

«አደራ አይደል» አሉ። «እንካ ልጄ። አንድ አቧራ አልነካውም።»

ሰውዬው ተቀበላቸው። ሊወጣ ሲል በሩ ጥግ ያቺን ጀሪካን አያት፤ እንደዚያን ቀን ባዶ ናት። ሥዕሉን በብብቱ፣ ጀሪካኗን በእጁ ይዞ ሄደ። ሥዕሉ እቤት ቀረ፤ ጀሪካኗ ሞልታ ተመለሰች። በማግስቱም ተመለሰች። ከአሥራ ስምንቱ ሥዕል እጁ የገባው ያ አንዱ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልደየስ እዚህ ላይ ወደ ሶስና ዞሩ።

«ልጆችሽ እንደዚያ ቤተሰብ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ መስታወት ወልዋይዋን ሚስት ትመስያለሽ። አሥር ካሥር ማለት መስታወቱ ጠርቷል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። መልካም ቃል አንድ ሰው ብብቱ ሥር አድርጎ እቤቱ ወስዶ ቀዳዳ ካልደፈነበት የግድግዳ ጌጥ ነው። ልጆቹን አታስጠኚያቸው፤ አሸክሚያቸው። አጣመው ቢይዙትም ግድ የለም፤ ሰፈርተኛውም ኑዛዜ መስሎት ነው የተነሣው።»

«እንዴት አድርጌ ላሸክማቸው ጋሼ?»

«ነገ ክፍሉን በሙሉ ይዘሽ ታክሲ ሰልፉ ጋ ነይ። ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።»

ሶስና ልትሄድ ተነሣችና ጠየቀች።

«አሮጊቷስ? የሥዕሏ መጨረሻ ምን ሆነ?»

«ሐምሌ ላይ ምስጡ ተመልሶ የተረፈውን ጨረሰ» አሉ ጋሽ ወልደየስ። «አንዴ ተለቅሶላት ስለነበር ማንም አልመጣም።»