የጦይባ ትንሽ ፒክአፕ

እኛ አገር አንድ ሰው በሬ ሊገዛ፣ ቤት ሊሠራ ወይም ልጁን ሊድር አስቦ ዓይኑ ከጉዳዩ በላይ ሲንከራተት፣ ከጎኑ ያለ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። የተባለው ሰው ፈገግ ይላል እንጂ አይቀየምም። ልጆች አባባሏ ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለም። ስትነገር እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ እንድትነገር ምክንያት የሆነችውም አንዲት ነጭ፣ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ አራት ሲሊንደር ፒክአፕ ናት።

የመኪናዋ ባለቤት ጎረቤቴ ጦይባ ይመር ናት። ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው ሸሌ በምትባለው መንደራችን የፍራፍሬ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች፤ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራውን ብቻዋን ነው የያዘችው። ድሮ ችግኙ በጋሪ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከዚያ በኪራይ መኪና ተጭኖ ገበያ ይሄድ ነበር፤ በመጫንና በማውረድ ብዛት ግማሹ ሥሩ ተናግቶ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ይደርሳል። ይህ ሲሰለቻት መንጃ ፈቃድ አወጣችና ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ መኪና ልትገዛ ተነሣች።

ይህ ጉዳይ ደግሞ ያለ ወንድሟ ያለ አሕመዴ የሚታሰብ አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ጦይባ ገና ሕፃን ነበረች፤ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የዳራት እሱ ነው። ደሴ ሄዶ የሕንፃ ተቋራጭ ሆነና ተሳካለት። እጁ የማይታጠፍ ለጋስ ነው፤ ብቻ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ዓይነት ሰው ነው። የሚነዳው ባለ ስድስት ሲሊንደር ጥቁር ደብል ጋቢና ነበር፤ ሲያስነሣው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ኮምቦልቻ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ወሰዳትና የራሱን መኪና የሚመስል ግዙፍ መኪና ፊት አቆማት። ደላላው በሩን ከፍቶ የቆዳ ወንበሩን አሳያት፤ አሕመዴም የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አለ። ጦይባ ወንበሩን አላየችም። ከቦርሳዋ ገመድ አወጣችና ከመኪናው ፊት ቁጢጥ ብላ ከጎማ እስከ ጎማ ዘረጋችው። ገመዱ አጠረ። ደላላው ግራ ገብቶት ምን እየለካች እንደሆነ ቢጠይቃት፣ የመንደራችን የጋሪ ድልድይ ስፋት ነው ብላ መለሰችለት። ቀጥላ በግቢው ጥግ አቧራ ለብሳ ወደቆመች ትንሽ ፒክአፕ ሄደችና ለካቻት። ገመዱ ተረፈ። ሞተሯን አስነሥታ አዳመጠች፣ ዳገት ላይ ወስዳ ሞከረቻት፣ ነዳጅ ትጠጣ እንደሆነና መለዋወጫዋ መርሳ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

አሕመዴ ወደ ጎን ወሰዳት። "እቴ፣ የይመር ልጅ እኮ ነሽ። በዚህች ላይ ተቀምጠሽ ሰው ሲያይሽ ምን ይላል?"

"አያ፣ ሰው የሚያየኝ አልፎ አልፎ ነው" አለችው። "እኔ ግን የምነዳት በየቀኑ ነው። የየቀኑን መንገዴን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።"

ያደገበት መንገድ ነውና ያውቀዋል። ቢሆንም ከፋው። የመረጥሽውን ያዥ ብሎ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ ወደ ደሴ ተመለሰ። ጦይባ ትንሿን ፒክአፕ እየነዳች ብቻዋን መጣች።

ወንዛችን ላይ ያለውን ድልድይ ያሠሩት የመንደራችን ሽማግሌ ሸህ ኑርዬ ናቸው። ድልድይ ይባል እንጂ ለጋሪ ታስቦ ከድንጋይና ከወፍራም ግንድ የተሠራ ጠባብ መሻገሪያ ነው። እሳቸው ቀድመው አይተው፣ ቀላል መኪና ከሆነች ይችላታል ብለዋት ስለነበር፣ በመጣች ዕለት ፊት ፊቷ እየሄዱ አሻገሯት። ሸሌ መኪና ደጅ ድረስ ሲገባ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ሻይ ቤት የሚውሉት ወንዶች ግን አልማሯትም። "ጦይባ የገዛችው መኪና ነው ወይስ የመኪና ልጅ?" እያሉ ይስቁ ነበር። እሷም ሰምታ አብራ ሳቀች። ጠዋት ችግኝ ጭና ትወጣለች፤ ስትመለስ የአንዱን ማዳበሪያ፣ የሌላውን ቆርቆሮ፣ የአራስ ቤት ዱቄት ይዛ ትገባለች። ከኋላ የሚሳፈረው ሰው አይጠፋም፤ የሚስቁት ወንዶች ራሳቸው ዝናብ ሲመጣ መንገድ ዳር ቆመው እጅ ያነሡላታል። መኪናዋም ትንሽ ጠጥታ ብዙ ትሠራለች። ጦይባ ማታ ማታ በጨርቅ ስትወለውላት "አልሐምዱሊላህ፣ የልቤን አገኘሁ" ስትል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

እንዲህ እያለ ነሐሴ መጣ።

የጦይባና የአሕመዴ እናት እማ ዘምዘም የሚኖሩት ከመንደራችን በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ልጆቻቸው ውረጂ ቢሏቸውም ባሌ ያስገባኝን ቤት ትቼ አልወርድም ብለው እዚያው ቀሩ። አንድ ጠዋት ወተት ላደርስላቸው ወጥቼ ሳለ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ትንፋሽ አጥሯቸው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ መጥታ አዳመጠቻቸውና ሳንባቸው ነው፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይድረሱ አለች። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዷል። ቃሬዛ አዘጋጅተን ነበር፤ ነገር ግን ጋደም ባሉ ቁጥር ትንፋሻቸው ቁርጥ ይላል። መቀመጥ አለባቸው፤ ተቀምጠው ደግሞ በዚያ ጭቃ ማንም ተሸክሞ አያወርዳቸውም።

ጦይባ ወልድያ ገበያ ነበረች። ደወልንላት፤ ችግኟን ለሰው አደራ ሰጥታ ተነሣች። አሕመዴ ደግሞ እንደ አላህ ፈቃድ በዚያ ቀን ለሥራ መርሳ መጥቶ ስለነበር ለእሱም ደወለችለት። ድልድዩ ጋ ጠብቀኝ፣ ያንተ አያልፍም፣ እኔ እየደረስኩ ነው አለችው።

ልጅ ነውና እናቱ ትንፋሽ አጥሯታል ተብሎ ቆሞ መጠበቅ አልቻለም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ መኪናው እንደማይገባ በዓይኑ አየ። ሸህ ኑርዬ እህትህን ጠብቅ፣ ወንዙ ሞልቷል ብለው ለመኑት። እሱ ግን ይህን ጉልበት የገዛሁት ለዚህ ቀን ነው ብሎ መኪናውን አስጓርቶ ወደ መልካው፣ በበጋ ሰውና ከብት በእግር ወደሚሻገርበት፣ ነዳ። መኪናው እስከ መሐል ድረስ ውኃውን እየሰነጠቀ ሄደ። መሐል ላይ አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ውኃ ጠጣ፣ ጸጥ አለ። ጎረምሶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ገብተው አሕመዴን አወጡት። አንድ ጫማውን ወንዙ ወሰደው።

ጦይባ ስትደርስ ወንድሟ ዳር ላይ እርጥብ ሆኖ፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ ወደ ዳገቱ እያየ ያለቅስ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ከሸህ ኑርዬ ነው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም አሉኝ። በሩን ከፍታ "አያ፣ ግባ። እናታችን እየጠበቀችን ነው" ብቻ አለችው።

ሸህ ኑርዬ እንደ መጀመሪያው ቀን ከፊቷ ሆነው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ በእጃቸው ግራ ቀኝ እያሉ አሻገሯት። ድልድዩ ሲንቋቋ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ያች ትንሽ መኪና ግራና ቀኝ ባሉት የእርከን የድንጋይ ካቦች መካከል፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጭቃውን እየቧጠጠች ዳገቱን ወጣች። እኛ በር ላይ ቆመን የሞተሯን ድምፅ ስንሰማ እማ ዘምዘም ዓይናቸውን ገለጡ።

ጋቢና ውስጥ እማን መሐል አስቀምጠን እኔ በክንዴ ደገፍኳቸው። ለአሕመዴ ቦታ ስላልነበረ ከኋላ ወጣ። ያ ትልቅ ሰው ከገበያ በተመለሱ ባዶ የችግኝ ላስቲኮች መካከል ተቀምጦ፣ ኬሻ ተከናንቦ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ጣራውን በጣቱ ቀስ አድርጎ እየመታ "እቴ፣ ቀስ" ይላል። ጦይባም ቀስ ትላለች። እማ ትከሻዬ ላይ ሆነው ይተነፍሳሉ፤ እኔ ያን ሁሉ መንገድ የማዳምጠው እሱን ብቻ ነበር።

ሆስፒታል ደረስን። ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ መርፌ ተወጉ። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ያስቸግር ነበር፣ ደግ ሰዓት ደርሳችኋል አለን። ከሰዓት በኋላ እማ መናገር ቻሉና ማን እንዳመጣቸው ጠየቁ። ጦይባ ናት አልናቸው።

"አሕመዴስ?" አሉ።

"ከኋላ ነበርኩ፣ እማ" አለ አሕመዴ። "ከችግኝ ላስቲኩ ጋር።"

እማ ሊስቁ ሞክረው ሳል አቋረጣቸው፤ እኛ ግን እያለቀስንም ቢሆን ሳቅን።

ውጭ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ጦይባን ፈልጌ ስወጣ አሕመዴ በተዋሰው ነጠላ ጫማ ቆሞ የፒክአፗን መስተዋት በፎጣው እየጠረገ አገኘሁት። እህቱ አጠገቡ ናት። "ኮምቦልቻ ላይ ተናድጄብሽ ነበር" ይላታል። "ያን ቀን እኔን ሰምተሽኝ ቢሆን ዛሬ እማን በምን እናወርዳት ነበር? አላህ ይስጥልኝ፣ እቴ። ስላልሰማሽኝ አላህ ይስጥልኝ።"

"ያን ወንዝ መጀመሪያ ያሻገርከኝ አንተ ነህ፣ አያ" አለችው። "ትምህርት ቤት ስትወስደኝ፣ በትከሻህ። ምስጋናውስ ያንተ ነው።" እሱም ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ዞር አለ። እኔ እንዳላየ ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

የአሕመዴን መኪና ወንዙ ሲጎድል በበሬ ጎትተው አወጡት። ጦይባ የኔዋ ይህን መጎተት አትችልም ብላ እቅጩን ነግራቸው ነበር። ጋራዥ ገብቶ ተጠገነ፤ አሁንም አስፋልቱ ላይ የሚደርስበት የለም።

እማ ዘምዘም ድነው ቤታቸው የገቡ ዕለት ጎረቤት ሁሉ እንኳን አላህ አተረፈዎ ሊላቸው ተሰበሰበ። እማ የገባውን ሁሉ ይመርቃሉ፤ ያቺን መኪናም ከሰው እኩል መረቋት። ከሻይ ቤቱ ወንዶች አንዱ አሕመዴን ሊያጽናና ፈልጎ፣ መኪናህ እኮ አላጠፋም፣ ወንዙ ነው የሞላው አለው። አሕመዴ ፈገግ ብሎ ወደ ሸህ ኑርዬ ዞረ።

"እርስዎ ሁሉንም በዓይንዎ አይተዋል" አላቸው። "ያን መኪና መግዛቴ ስህተት ነበር እንዴ?"

ሸህ ኑርዬ እማን አዩ፣ ከደጅ ችግኝ የምትጭነውን ጦይባን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን በአሕመዴ ጉልበት ላይ አሳረፉ።

"ስህተትስ አይደለም፣ ልጄ፤ ብቻ ትልቁ ያስመካል፣ ልኩ ያደርሳል።"