ደህና ነኝ ባዩ ኮምፒውተር

ተረት ልጀምር ነው፤ ማዛጋት የሚፈልግ አሁኑኑ አዛግቶ ይጨርስ።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮምፒውተር ነበረ። ድሮ ኮምፒውተር ነበረ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ተረቱን እሱ ይንገረኝ። ኮምፒውተሩ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ሞላልኝ በሚባል፣ ሰኞ ሰኞ እየመጣ በሚያየው ጠጋኝ ኪስ ነው። ሥራው የትኛው አውቶቡስ የት ቆሞ መቼ እንደሚነሳ በስክሪኑ ማሳየት ነበር። ጠባቂ የለው፣ ረዳት የለው፤ ጎረቤቱ ከጣሪያው ሥር ጎጆ የሠራች ድንቢጥ ብቻ ናት።

ታዲያ ይሄ ኮምፒውተር አንድ ዓመል ነበረበት፤ ይሉኝታ። መብራት ደግሞ፣ ታውቋት የለ፣ ይሉኝታ አልፈጠረባትም። ስትሄድ አትሰናበት፣ ስትመጣ አታንኳኳ።

አንድ ቅዳሜ መብራት ሄደች፤ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ነቃና ስክሪኑ ላይ «ሳልሰናበት ነው የጠፋሁት። ሥራዬን ልቀጥል?» ብሎ ጻፈ። ጻፈና ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው መብራት።

«ቀጥል እስኪሉኝ ነዋ። ሳይፈቀድልኝ እንዴት ዘው እላለሁ?»

ከሥሩ እትዬ ዘነቡ ቆመዋል። ጆሯቸው አይሰማም። ሌላው መንገደኛ የአውቶቡሱን ረዳት ጩኸት ሰምቶ ይሳፈራል፤ እሳቸው ስክሪኑን አንብበው ነው። ልጃቸው ጎሽ ሜዳ ወልዳለች፤ የጎሽ ሜዳ አውቶቡስ ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው። ስክሪኑ «ልቀጥል?» እንዳለ አውቶቡሱ ሄደ። እትዬ ዘነቡም የቋጠሩትን ቅቤ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ሰኞ ሞላልኝ መጣ። ሣጥኑን ከፈተ፣ በጣቱ አንዴ ነካው፣ የአውቶቡሶቹ ሰሌዳ ወጣ።

«እንዴት ነህ? ምን ሆነህ ነበር?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አለ ኮምፒውተሩ። ሞላልኝ ቆልፎ ሄደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ መብራት ሄደች፤ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ «ልቀጥል?» ብሎ ቆመ። አውቶቡሱም ሄደ። እትዬ ዘነቡ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ የልጅ ልጃቸው ክርስትና በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነበርና። ኮምፒውተሩ ሲያያቸው ሊቀጥልላቸው ፈለገ፤ ግን ቀጥል የሚለው ጣት ከየት ይምጣ።

ድንቢጧ ከጎጆዋ አንገቷን አወጣች። «ሞላልኝ ሰኞ ሲጠይቅህ ምን ልትለው ነው?»

«ደህና ነኝ ነዋ። እንዴት ነህ ሲባል ሌላ ምን ይባላል? ደግሞ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ላስቸግረው?»

«ወንድሜ፣ እሱ መንገድ ላይ ያገኘህ ሰላምተኛ አይደለም፤ ጠጋኝህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንተ ጨዋ ልሁን ብለህ ዝም ስትል የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው።»

ሰኞ ሞላልኝ መጣ። «እንዴት ነህ?»

ኮምፒውተሩ «ደህና» ብሎ ጀመረና ዋጠው። «አይ፣ ደህና አይደለሁም። መብራት በሄደች ቁጥር ድንገት እወድቃለሁ። ስትመለስም ጣት እስኪነካኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁለት ቅዳሜ አንዲት እናት ከመንገድ አስቀርቻለሁ።» ይህን ሲናገር በጣም አፈረ።

ሞላልኝ ራሱን ያዘ። «ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ? ይሄ እኮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።»

አጠገቡ ትንሽ ባትሪ አስቀመጠለት፤ መብራት ስትሄድ ጥቂት ደቂቃ ይዞት፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን በሥርዓት ዘግቶ እንዲተኛ ነው። ከዚያ በሆዱ ውስጥ ትዕዛዝ ጻፈለት፦ «መብራት ስትመጣ ማንም ሳይነካህ ተነሳ። ሳትጠይቅ ሰሌዳውን ክፈት። ፈቃዱን አንዴ ሰጥቼሃለሁ።»

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ፤ የክርስትናው ዋዜማ። እትዬ ዘነቡ ገና በጠዋቱ መጡ። አውቶቡሱ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው፣ መብራት ምን ይዟት፣ ሄደች።

«አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» አለ ባትሪው። ኮምፒውተሩ ሥራውን ዘግቶ ተኛ።

መብራት ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ብቻውን ተነሳ። የድሮ ዓመሉ ጠይቅ፣ ጠይቅ ብሎ ጎተጎተው። ትዕዛዙን አሰበ፤ እትዬ ዘነቡን አየ፤ ሰሌዳውን ከፈተ፦ «ጎሽ ሜዳ፣ ቁጥር ሰባት፣ ሊነሳ ነው።»

እትዬ ዘነቡ አነበቡ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ሮጡ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ክንዱን ይዘው ገቡ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ለሰው እንደሚደረገው፣ እጅ ነሡ።

የኔ ተረት እዚህ ጋ ወራጅ አለው። እናንተም ስሙኝ፦ ለሰላምተኛ ደህና ነኝ በሉ፣ ነውር የለውም። ለጠጋኝ ግን ሕመማችሁን ንገሩ፤ እናንተ ዝም ስትሉ ከመንገድ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው።