ከሐዘን ልብስ ሥር

ይህችን ምሳሌ በቸኮለ ሰው ሁሉ ላይ እንወረውራለን እንጂ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። እኔ ከጥንት ቻይና ቤተ መንግሥት መጣች ሲባል ሰምቻለሁ፤ ውሸት ከሆነ የነገሩኝ ይጠየቁበት። ታሪኳን ባስታወስኩ ቁጥር ግን ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

በዚያ አገር ቢጫ ካባ የንጉሡ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ለብሶት ከተገኘ፣ ልዑልም ቢሆን፣ አንገቱ ይቀላል። አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አልጋ ወራሹ ሊያንግና ታናሹ ዣኦ። ዣኦ ዙፋኑን ተመኘና «ወንድሜ በስውር ቢጫ ካባ አሰፍቷል» ብሎ ከሰሰ። የሐሰት ምስክርም አቆመ። ሊያንግ ሞት ተፈረደበት፤ አባትየው ከሐዘን ብዛት አልጋ ላይ ዋሉ።

ፍርዱ በሚፈጸምበት ዕለት ማለዳ «ንጉሡ አረፉ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ዣኦ ክው አለ። ሊያንግ ሳይሞት አባታቸው ከሞቱ፣ መኳንንቱ ወንድሙን ፈትተው ሊያነግሡበት ነው። ቀድሞ ዙፋኑ ላይ መገኘት አለበት! ቢጫ ካባውን፣ አዎ፣ እሱው ራሱ በስውር ያሰፋውን፣ አጠለቀ። በላዩ የሐዘን ልብስ ደረበ፤ በቻይና የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። ሲወጣ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ አሽከር የነጩ ልብስ መቀነት መሬት ሲጎተት አየ።

«ጌታዬ፣ ቆም ብለው ይታጠቁ እንጂ!»

«የመቆሚያ ጊዜ የለኝም!» አለና እየሮጠ ጠመጠመው። ሽማግሌው ከኋላ ኋላው ኩስ ኩስ አለ።

ዣኦ እልፍኙን በርግዶ ገባ። ወይ ጉድ! ንጉሡ ለካ ራሳቸውን ስተው ኖሯል፤ ነቅተው፣ ትራስ ተደግፈው ሾርባ ይጠጣሉ። ለስንብት ያስመጡት ሊያንግ በሰንሰለት እንደታሰረ እግራቸው ሥር ተንበርክኳል።

«ዣኦ፣ ሐዘኑ የማን ነው?» አሉ ንጉሡ።

ዣኦ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲሮጥ መቀነቱ ተፈታ፤ ነጩ ልብስ ግራና ቀኝ ተከፈተ። ቢጫው ካባ ቦግ አለ።

 ሳህኑ ከንጉሡ እጅ ወደቀ።

«በአንተ ቃል ልጄን ላርደው ነበር!» ብለው ጮኹ።

«አባቴ፣ ይማሩት» አለ ሊያንግ፣ ሰንሰለቱ ገና ከእጁ ሳይወልቅ። ንጉሡ ግን ለወታደሮቹ ምልክት ሰጡ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ከታላቁ ፈትተው ታናሹን አሰሩበት።

ያን ጊዜ ሽማግሌው አሽከር ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ፤ ቢጫውን አየ፣ መሬት የወደቀውንም መቀነት አነሣና «እኔማ ነግሬያቸው ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ።