ሞረድን የፈሩት ብረቶችና የቦራ ቀንበር

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይቅረብ፤ «ይኼንማ አውቀዋለሁ» የሚል ካለ ደግሞ ከአሁኑ ይውጣና ውጭ ሆኖ ይወቀው።

ድሮ ነው። ብረት አፍ በነበረው ጊዜ፣ እንጨት በሚያኮርፍበት ጊዜ፣ በሬ ደጅ ቆሞ ስለ ጉዳዩ ራሱ በሚጠይቅበት ጊዜ። ከሰባት ወንዝ ወዲህ አንድ አናጢ ብቻ ነበረ፤ ስሙ ጓንጉል ይባላል። ሞፈር ቢሉት ሞፈር፣ አልጋ ቢሉት አልጋ፣ በር ቢሉት በር የሚያወጣ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አንዲት ጥፋት ብቻ ነበረችው፤ እሷም በቂ ነበረች። መሣሪያዎቹን በአፋቸው ያምናቸዋል።

ሌላ አናጢ ብረቱን ለሥራ ከማንሣቱ በፊት በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያሳርፈዋል። ስለት ያለው ብረት ጥፍሩን ነከስ ያደርጋል፤ የዶለዶመው ይንሸራተታል። በቃ፣ ክርክር የለውም። ጓንጉልም በወጣትነቱ እንዲህ ያደርግ ነበር። ስሙ ከገነነ በኋላ ግን «ከእነዚህ ጋር ስንት ዓመት ኖሬ አሁን በጥፍር እየፈተንኩ ላሳፍራቸው?» አለና ተወው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና «ስለት አላችሁ?» ይላል። እነሱም «አለን!» ይላሉ። «ተባረኩ» ይልና ሥራ ይጀምራል። እንግዲህ ይኼን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምለውንስ እናቱ ባትሰማ ይሻላል።

በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ታላላቆች ተሰቅለው ነበር፦ አያ መጥረቢያ፣ አያ መጋዝ፣ አያ መላጊያ። ከእነሱ ሥር፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ፣ እንጨት የሚበሳው መሮ ይቀመጣል። ድሮ አንድ ስንዝር ነበረ ይላሉ፤ አሁን አውራ ጣት ቢያክል ነው። ከመሮው አጠገብ ደግሞ እትዬ ሞረድ ነበረች። ብረት የምትስል፣ ቆዳዋም ምላሷም ሻካራ የሆነ ሴት ናት።

ሞረድ ሁልጊዜ ትጣራለች። «ኑ እንጂ! አንድ ጊዜ ልንካችሁ!»

«አንቺ ስትነኪ ታሳንሻለሽ» ይላል መጥረቢያ።

«ጥርሴን ትበይብኛለሽ» ይላል መጋዝ።

«መሮውን እዩት!» ይላል መላጊያ። «በየሳምንቱ እሷ ዘንድ ሄዶ ሄዶ ምን ቀረው? እሱን መምሰል ያማረው ይሂድ።»

መሮው ዝም ይላል። ሞረድ ግን ዝም ማለት አልፈጠረላትም። «ረጅም ሆኖ የማይቆርጥ ነገር ስሙ ማን ነው? ዱላ ነው! ሦስት ዱላ ተሰቅላችኋል!» ትላለች። እነሱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሊገባ ሰማዩ ሲከብድ፣ ባል የሞተባት ዝማም የምትባል ሴት ዋንዛ እንጨት በትከሻዋ ተሸክማ መጣች። ከኋላዋ ግንባረ ነጩ በሬዋ ቦራ ተከትሏል። ሁለት በሬ አላት፤ ሁለቱን የሚያጣምደው ቀንበር ግን በእርሻ መካከል ለሁለት ተሰብሮባታል። ሰዉ ሁሉ እያረሰ ነው፤ ቀንበሩን የሚያውሳት አልተገኘም።

«ጓንጉል፣ ለቅዳሜ ታደርስልኛለህ ወይስ ትዋሸኛለህ?»

«ለቅዳሜ ነው፣ እትዬ ዝማም። ምን ያስዋሸኛል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ስማኝ፤ ቅዳሜ ቀንበር ከሌለኝ ዝናቡ ይቀድመኛል። መሬቴን ለሌላ አራሽ እሰጣለሁ። መሬቴን ከሰጠሁ ሁለት በሬ ቁጭ አድርጌ አልቀልብም። ቦራ ሸምግሏል፤ ገበያ ወስጄ ለአራጅ እሰጠዋለሁ።»

ቦራ ደጅ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። 

ማክሰኞ ጠዋት ጓንጉል «ስለት አላችሁ?» አለ። «አለን!» አሉት። መጥረቢያውን አነሣና ዋንዛውን መታው። መጥረቢያው ጧ ብሎ ነጠረ። ደግሞ መታው፤ ደግሞ ነጠረ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለ ዋንዛው፣ «ትጠርበኛለህ ወይስ ትደበድበኛለህ?»

ከሰዓት በኋላ ቦራ መጥቶ አንገቱን በበሩ አስገባ። «አያ መጥረቢያ፣ ቀንበሬ ደረሰ ወይ?»

«ሐሙስ ና።»

«ምነው?»

«እንጨቱ ጉጥ በጉጥ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ከጉጥ ጋር ተፈጠረ።»

«ኧረ እኔ ላይ ጉጥ የለም!» ብሎ ዋንዛው ጮኸ። ማን ይስማው?

«ና አንዴ ልንካህ» አለች ሞረድ። መጥረቢያው ግን ተኝቷል።

ሐሙስ ጠዋት ጓንጉል «ስለት አላችሁ?» አለ። «አለን!» አሉት። መጋዙን አነሣና የዋንዛውን ጫፍ ሊቆርጥ ጀመረ። ይገፋል፣ ይስባል፤ ይገፋል፣ ይስባል። ላቡ ከግንባሩ እስከ ጢሙ ወረደ። ጫፉ ግን አልወደቀም።

ቦራ መጣ። «አያ መጋዝ፣ ቀንበሬ ደረሰ ወይ?»

«ነገ ና።»

«ምነው?»

«መጥረቢያ አጣሞ ጠርቦልኝ ነው። እኔ የሰው ጥፋት እያቃናሁ ነው የምውለው።»

«ቆረጠኝ ብዬ ብመሰክር ሐሰት ነው» አለ ዋንዛው። «አላመጠኝ።»

«ና አንዴ ልንካህ» አለች ሞረድ። መጋዙ ጥርሱን በሰጋቱራው ውስጥ ደበቀ።

ዓርብ ጠዋት ያው ነው፤ «ስለት አላችሁ?» «አለን!» ደግሜ መናገሩ እኔን ሰለቸኝ፤ ጓንጉልን ግን አልሰለቸውም። መላጊያውን አነሣ። መላጊያው በዋንዛው ላይ ተንሸራቶ አለፈ፤ አንድ ፍቅፋቂ እንኳ አላነሣም።

ቦራ መጣ። አሁን ድምፁ ቀጥኗል። «አያ መላጊያ፣ ቀንበሬ ደረሰ ወይ?»

«ሰኞ ና።»

«ሰኞማ እኔ የለሁም።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ድስት ውስጥ።»

መላጊያው ትንሽ አፈረ። ትንሽ ብቻ። «መጋዝ ሳይጨርስ ነው የሰጠኝ» አለ። «ደግሞ እንጨቱ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የእኔን ስም አላበላሽም።»

ሞረድ ከመደርደሪያው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «ስም! ስም አለኝ ይላል! ና አንተ ባለ ስም፣ አንዴ ልንካህ!»

መላጊያው አልመጣም።

ቅዳሜ ሆነ። ዝማም ገና በጠዋት መጣች፤ በአንድ እጇ ገመድ ይዛለች፣ ገመዱ የቦራ ቀንድ ላይ ታስሯል። ጓንጉል እሷን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ያልወደቀ ምስማር መፈለግ ጀመረ።

«ቀና በል። መሬት ላይ ቀንበር አይበቅልም።»

«እትዬ ዝማም፣ እንጨቱ ጉጠኛ ነው፤ ጠማማም ነው፤ እርጥብም ነው።»

«ሦስት በሽታ ያለበት እንጨት ነው እኔ ያመጣሁት? አባቴ ከዚሁ ዛፍ ጎን ከበቀለው አይደል የቤታችንን በር ያሠራው?»

ቦራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጓንጉልን አየው። «ጌታዬ፣ መሞት ለበሬም አለ፤ አልከራከርም። ግን ዘጠኝ ክረምት አርሼ በጉጥ ምክንያት ልታረድ?»

 ያን ጊዜ ሞረድ ወደ አጭሩ መሮ ዞረች።

«አንተስ? አንተን ምን ዘጋህ?»

«ተራዬ አልደረሰም» አለ መሮው ቀስ ብሎ። «ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጥረቢያ ይጠርባል፣ መጋዝ ይቆርጣል፣ መላጊያ ያለሰልሳል። እኔ ቀዳዳ የምበሳው በመጨረሻ ነው።»

«ተራህ እስኪደርስ በሬው ወጥ ይሆናል! እነሱ ሰነፎች ናቸው፤ አንተ ደግሞ ጨዋ ነኝ ብለህ ከሰነፍ እኩል ዋልክ!»

ይቺ መሮውን ወጋችው። «ጌታዬ ጓንጉል፣» አለ፣ «ጥፍርህን አንድ ጊዜ አውሰኝ።»

ጓንጉል ግራ ተጋብቶ መሮውን አነሣና አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሳረፈው። መሮው ጥፍሩን ነክሶ ቆመ። ከዚያ መጥረቢያውን አወረደና አሳረፈው፤ ተንሸራተተ። መጋዙን አሳረፈው፤ ተንሸራተተ። የመላጊያውን ምላጭ አሳረፈው፤ እሱማ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ።

የጓንጉል ፊት ቀላ። «በየጠዋቱ እየጠየቅኋችሁ 'አለን' ትሉኝ ነበር እኮ! እናንተን አምኜ እንጨቱን ሰደብኩ!»

«እነሱስ ዋሹ፤» አለች ዝማም፣ «አንተ ጣት አልነበረህም?»

ጓንጉል አውራ ጣቱን አየው።

«ጊዜ ስጪኝ።»

«ገበያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበተናል። እስከ ስምንት ሰዓት እቀመጣለሁ። ገመዱን ግን ከቀንዱ አልፈታም።»

ዝማም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ቦራ ከአጠገቧ ቆመ፤ ሲያመሰኳም እንኳ ድምፅ አላሰማም። ጓንጉል መሮውን ያዘና በመዶሻ ይመታው ጀመር። ትንሽ ያነሣል፣ ትንሽ ያነሣል። መጋዝ ሊጥለው ያቃተውን ጫፍ መሮው ዙሪያውን በልቶ ጣለው። የቦራና የጓደኛው አንገት የሚያርፍበትን ሁለት ቦታ ጎድጎድ አድርጎ አወጣ።

«አሁን ገና የሚያውቅ ሰው ነካኝ» አለ ዋንዛው።

መሮው ሲዶለዱም ጓንጉል ወደ ሞረድ ወሰደው።

«ልንካህ?»

«ንኪኝ።»

ክርር፣ ክርር። ተመልሶ ሥራ። ደግሞ ዶለዶመ። «ልንካህ?» «ንኪኝ።» ክርር፣ ክርር። ከበሬዎቹ አንገት ግራና ቀኝ የሚቆሙት እንጨቶች የሚገቡባቸውን አራት ቀዳዳዎች መብሳት ጀመረ። ሦስቱን ጨረሰ። አራተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሞተ፤ ስለቱ አለቀ። ዝማም ብድግ ብላ ገመዱን ጠቅልላ ያዘች፤ ፀሐይዋ ከአናት ወዲያ አልፋለች።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እትዬ!»

«ሰማዩን ነው የማየው እንጂ አፍህን አይደለም።»

«ልንካህ?» አለች ሞረድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ ነበረ። «ዛሬ ሦስተኛህ ነው።»

«ቶሎ ንኪኝ!» አለ መሮው።

ክርር፣ ክርር፣ ክርር። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት፣ አራተኛው ቀዳዳ ወለል አለ።

ዝማም ቀንበሩን አገላበጠችው። «ከውጭ ሲያዩት ጅብ የጋጠው ይመስላል።»

«መላጊያ አልነካውም» አለ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ።

እሷ ግን እጇን አንገት ማረፊያው ላይ ሰደደችና ወዲያ ወዲህ አሸችው። አንድ ስንጥር አልወጋትም። ቦራ ሳይጠሩት ቀረበና አንገቱን ከሥሩ አስገባ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ልክ ነው» አለ።

ዝማም ገመዱን ከቀንዱ ፈታች። በገበያው መንገድ ሳይሆን በእርሻው መንገድ ሄዱ፤ ዝናቡም እሑድ ማታ ጣለ።

ሞረድ መሮውን አጋድማ ለካችው። «ዛሬ ስንት የጠፋብህ ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«አንዲት የገብስ ፍሬ። እነዚህ ጎበዞች የበሬ ነፍስ ያስያዙባት ይቺ ናት።»

ጓንጉልም ሦስቱን «ከዛሬ ወዲያ የማምነው ጥፍሬን ነው» አላቸው። «ሞረድ ዘንድ የሚሄድ ይምጣ፤ የማይሄድ እዚያው ይሰቀል።» መላጊያው ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ማንም አያየኝም ብሎ በጎን ወደ ሞረድ ተጠጋ። ሞረድም ሰድባው፣ ሰድባው፣ ሳለችው። መጥረቢያና መጋዝ ግን «ቁመታችንን አንሰጥም» ብለው ግድግዳው ላይ ቀሩ።

ክረምቱ ከበደ። አንድ እርጥብ ጠዋት አንድ እንግዳ ድምፁን ሳያሰማ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ጌቶቼ?»

«ደህና። ማን ልበል?» አለ መጥረቢያ።

«ዝገት እባላለሁ።»

«ትሞርዳለህ?» አለ መጋዝ ፈራ ተባ እያለ።

«እኔ? ኧረ በፍጹም! ስመጣም አልሰማ፣ ስቀመጥም አልከብድ።»

«እንዲህ ያለ ጨዋ እንግዳ ነው እንጂ!» አሉና አጠገባቸው አስቀመጡት። እሱም ተቀመጠ። ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠ።

መስከረም ሲጠባ የመጋዝ ጥርሶች አንድ በአንድ ረገፉ። የመጥረቢያ አፍ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ያን ጊዜ «እትዬ ሞረድ! ነይ ንኪን!» ብለው ጮኹ።

ሞረድ መጣች። መጥረቢያውን አንድ ጊዜ ብትነካው ቀይ ዱቄት ሆኖ በእጇ ላይ ቀረ።

«እኔ ስወስድ ስለት እሰጥ ነበር» አለች። «ይኼ ጨዋ እንግዳችሁ ሁሉንም ሲወስድ ምን ሰጣችሁ?»

የሚመልሱበት አፍ አልቀረላቸውም።

እናንተም ሰምታችኋል። መሳል ያሳንሳል፤ አያሳንስም ብዬ አልዋሻችሁም። ሳይሳሉ መሰቀልም ያሳንሳል፤ ይኼኛው ግን እናንተን ብቻ አይበላም፤ መጀመሪያ የሚበላው እናንተን አምኖ ደጅ የቆመውን ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። አሁን ተነሡ፤ ማን ደጃችሁ ላይ እንደቆመ ወጥታችሁ እዩ።