የሽታዬ አምፖልና የማያልቀው ስብሰባ

«ተረት ተረት» ስል «የመብራት» በሉኝ፤ ላሟም በረቷም ዛሬ እረፍት ላይ ናቸው።

ቀን ፀሐይዋ በምትለበልብ፣ ማታ ብርዱ አጥንት በሚሰብር አንድ ከተማ፣ ከቀበሌው አዳራሽ አጥር ጀርባ፣ ሽታዬ የምትባል መበለት ትኖር ነበር። መተዳደሪያዋ ካርቶን ውስጥ የምታሳድጋቸው ሠላሳ ሰባት ጫጩቶች ነበሩ፤ ከላያቸው ማታ ማታ የሚያሞቃቸው አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ። ቀን ሶላሩ ለከተማው የመብራት መስመር ይሰጣል፣ ማታ አምፖሉ ከመስመሩ ይወስዳል፤ የሰጠችው ከወሰደችው ይቀነስላታል። ይህ ድጎማ ይባል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ መመሪያ ወጣና ድጎማው ተነሳ። ከእንግዲህ የምትሰጠው በምስጋና ይወሰዳል፣ የምትወስደው በዋጋ ይከፈላል ተባለ። ቢሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ሽታዬ አምፖሉን ነቀለችና ጫጩቶቹን በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ነጠላ ግን አምፖል አይሆንም፤ ጠዋት ስትገልጠው ሠላሳ አምስት ሆነዋል። አለቀሰች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፦ ቢሉ ይቀነስና አምፖሉ ይብራ።

ቢል ተቀባይዋ ትርሲት ዘንድ ሄደች። «ልጄ፣ ቢሉን ቀንሽልኝ። ቢሉ ካልተቀነሰ አምፖሉ አይበራ፣ ጫጩቶቼ በነጠላ ናቸው።»

«እትዬ፣ መመሪያው ‹ችግረኛ ይታይለት› ይላል። ግን ጌጡ ቆጣሪውን አይቶ ካላረመ አልቀንስም።»

ጌጡ ቆጣሪ አንባቢው መሰላል ተሸክሞ መንገድ ላይ ተገኘ። «ጌጡ፣ አርምልኝ። ካላረምክ ትርሲት አትቀንስ፣ ቢሉ ካልተቀነሰ አምፖሉ አይበራ፣ ጫጩቶቼ በነጠላ ናቸው።»

«አዝናለሁ እትዬ፤ የቀበሌ ደብዳቤ ካላየሁ እጄንም አላነሳ» አለ፤ መሰላሉን ግን አነሳና ሄደ።

የቀበሌው ጸሐፊ እንዳለ ብዕሩን እንደያዘ ሰማት። «እንዳለ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ካልጻፍክ ጌጡ አያርም፣ ካላረመ ትርሲት አትቀንስ፣ ካልቀነሰች አምፖሉ አይበራ፣ ጫጩቶቼ በነጠላ ናቸው።»

«መጻፉስ ምን ገዶኝ! ማህተም የሌለው ደብዳቤ ግን ደብዳቤ አይደለም። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ውስጥ ናቸው።»

ያን ዕለት ጫጩቶቹ ሠላሳ አራት ነበሩ።

ሽታዬ በማግሥቱ የአዳራሹን በር ገፋ አድርጋ ሊቀመንበሩን አቶ ባንቴን በጣቷ ጠራቻቸው። «አቶ ባንቴ፣ ቁልፉን ያውጡልኝ። ቁልፉ ካልወጣ ማህተም የለ፣ ማህተም ከሌለ እንዳለ አይጽፍ፣ ካልጻፈ ጌጡ አያርም፣ ካላረመ ትርሲት አትቀንስ፣ ካልቀነሰች አምፖሉ አይበራ፣ ጫጩቶቼ በነጠላ ናቸው።»

አቶ ባንቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ፣ እንግዶቹ ከላይ የመጡ ናቸው። ስብሰባው ካላለቀ ንቅንቅ አልልም።»

«ስብሰባው መቼ ያልቃል?»

«ሪፖርቱ ሲቀርብ።»

«ሪፖርቱስ?»

«መብራት ሲመጣ። ከጠዋት ጀምሮ ከተማው በሙሉ ጠፍቷል፤ ሪፖርቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ይኸው ሦስተኛ ሻይ ላይ ደርሰናል።»

ሽታዬ ወደ ውስጥ አየች። እንግዶቹ በጨለማው በደብተር ያራግባሉ። በመስኮቱ ማዶ የራሷ ጣሪያ ቦግ ብሎ ያብለጨልጫል። አቶ ባንቴም አዩት። ከዚያ እሷን አዩ።

«እትዬ ሽታዬ» አሉ በማር በተለወሰ አፍ፣ «ከሶላርዎ በአጥሩ ላይ አንድ የመብራት ገመድ ብንስብ…»

ሽታዬ ሰሞኑን ስትማር የሰነበተችውን ቋንቋ አወጣች። «ቢሌ ካልተቀነሰ ገመድ አልሰጥም። ገመድ ከሌለ መብራት የለ፣ መብራት ከሌለ ሪፖርት የለ፣ ሪፖርቱ ካልቀረበ ስብሰባው አያልቅ፣ ስብሰባው ካላለቀ እርስዎ ንቅንቅ አይሉ። ሻይዎን ይጠጡ።»

ንቅንቅ የማይሉት ባንቴ ሮጡ! ቁልፉ ከኪስ ወጣ፣ ማህተሙ ከመሳቢያ ወጣ፣ እንዳለ ጻፈ፣ ጌጡ ያለ መሰላል አረመ፣ ትርሲት ቀነሰች። ለሳምንት እምቢ ሲል የነበረው ሁሉ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አለቀ። ያኔ ሽታዬ ገመዱን ሰጠች፤ መብራቱ መጣ፣ ሪፖርቱ ቀረበ። ርዕሱ «ድጎማው በመነሳቱ ኅብረተሰቡ ያሳየው እርካታ» ይላል። ከሽታዬ ጣሪያ በመጣ መብራት ከዳር እስከ ዳር ተነበበ፤ ጭብጨባው አጥር ዘልሎ ተሰማ።

ሽታዬ አልሰማችም። አምፖሉን ሰክታ ነጠላዋን ከካርቶኑ ላይ እያነሳች ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ወደ ሙቀቱ ተጠጉ።

በማግሥቱ በሯን ስትከፍት ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ጎረቤት ሁሉ ተሰልፏል። የእነሱ ቢል አልተቀነሰም፤ ደብዳቤው የሚለው «ሽታዬ» ብቻ ነው። ከሰልፉ ፊት የቆሙት ሽማግሌ ከሱቅ የገዙትን አንድ ጥቅል ገመድ በብብታቸው ይዘዋል፤ ከኋላቸው ያሉትም እንደዚያው።

«ሽታዬ ልጄ» አሏት፣ «የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው?»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቢሉን ግን አትላኩብኝ።